ቁጥብ ድምፅ

«ለስላሳ ሙዚቃ» ሲባል ብዙዎቻችን ቀድሞ ትዝ የሚለን ሙዚቃው ሳይሆን ቦታው ነው፦ ምሳ እየተበላ ከጀርባ የሚሰማ የሆቴል ዘፈን፣ ማታ ከሦስት ሰዓት በኋላ የሚከፈት ሬዲዮ፣ ተሳፋሪው ሁሉ እንቅልፍ የወሰደው አውቶቡስ። ስሙ ራሱ ሙዚቃው ከእኛ ምንም እንደማይፈልግ፣ የሠራውም ሰው ብዙ እንዳልደከመበት ያስመስላል። እኔም ለዓመታት ያሰብኩት እንዲሁ ነበር። ሐሳቤን ያስለወጠኝ አሜሪካዊቷ ድምፃዊትና ፒያኖ ተጫዋች ኖራ ጆንስ በፌብሩዋሪ 26 ቀን 2002 ያወጣችው የመጀመሪያ አልበሟ «ካም አዌይ ዊዝ ሚ» ነው። (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በአልበሙ ውስጥ 14 ዘፈኖች አሉ። ተጣድፎ የሚሄድ የለም፤ የሚጮህም የለም። ይህ ልስላሴ ከየት እንደመጣ ቀስ ብዬ ላሳያችሁ እፈልጋለሁ፤ ብዙ የተደከመበት ነገር ነውና።

ከመክፈቻው ዘፈን እንነሳ። «ዶንት ኖው ዋይ» ሦስት ደቂቃ ገደማ ይፈጃል። የሚጫወቱት አራት ሰዎች ናቸው፦ ኖራ ራሷ በፒያኖ፣ የዘፈኑ ደራሲ ጄሲ ሃሪስ በጊታር፣ ሊ አሌግዛንደር በኮንትራባስ (በቤዝ)፣ ዳን ሪዘር በድራም። መግቢያው አጭር ነው፤ ድምጿም ሳይዘገይ ይከተላል። አሁን ዘፈኑን ስትሰሙ የሌለውን ነገር ቁጠሩ። አዝማቹ ሲደርስ ከበሮው አይበረታም። መጨረሻው ላይ ስሜት ለመቀስቀስ ዜማውን አንድ ደረጃ ከፍ የሚያደርግ ሽግግር አልተደረገም። ድምፃዊቷም ችሎታዋን ለማሳየት አንድ ቃል ይዛ አትቆይም። በመሃል ድምጿ ቆሞ ፒያኖው ሲረከብ እንኳ የሚነግረን እስካሁን የሰማነውን ዜማ ነው፤ ጥቂት ቦታ ላይ ብቻ ነካ አድርጎት ያልፋል።

ታዲያ ጆሯችንን ይዞ የሚያቆየው ምንድን ነው? አንዱ መልስ ኮርዶቹ ውስጥ አለ። ኮርድ ማለት አብረው የሚሰሙ ሦስት፣ አራት ወይም ከዚያ በላይ ድምፆች ማለት ነው። በዚህ ዘፈን የመጀመሪያውን ኮርድ ከያዙት ድምፆች አንዱ በሁለተኛው ኮርድ ላይ በግማሽ ድምፅ ዝቅ ይላል፤ ፒያኖ ላይ ከአንዱ ቁልፍ ወደ አጠገቡ ቁልፍ እንደማለፍ ያህል ነው። በሦስተኛው እንደገና ዝቅ ይላል፤ በአራተኛውም እንደዚሁ። ኮርዶቹ ከላይ ሲለዋወጡ በውስጣቸው አንድ መስመር ጨለማ ውስጥ ደረጃ እንደሚወርድ ሰው እግሩን እያሳረፈ ይወርዳል። ብዙ አድማጭ ይህን መስመር ለይቶ አይሰማውም፤ ሆዱ ግን ያውቀዋል። ዘፈኑ ወደምትወደው ሰው መሄድ ሲገባት የቀረች፣ ለምን እንደቀረችም ለራሷ ያልገባት ሰው ዘፈን ነው። ቃላቱ አያለቅሱም። ሐዘኑን ተሸክሞ የሚወርደው ያ መስመር ነው።

ሁለተኛው መልስ ጊዜ አጠባበቋ ነው። ቤዙና ድራሙ መንገድ እንደሚሄድ ሰው እርምጃቸውን ሳያዛንፉ ይራመዳሉ። ኖራ ከእነሱ ጋር እኩል አትረግጥም፤ ቃሉን ከምቱ ጥቂት ዘግየት አድርጋ ታሳርፋለች። መዘግየቷ ከሰከንድ ሽራፊ አይበልጥም፤ ውጤቱ ግን ትልቅ ነው። ከምቱ ቀድሞ የሚዘፍን ሰው የሚቸኩል ወይም የሚማጸን ይመስላል። ልክ ምቱ ላይ የሚረግጥ ሰው ቆራጥ ይመስላል። ዘግየት የሚል ሰው ደግሞ እያሰበ የሚናገር ይመስላል፤ ቃሉ ተጠንቶ የመጣ ሳይሆን አሁን ከልቡ የወጣ ነው ብለን እናምነዋለን። ይህን ማድረግ ቀላል አይደለም። ዘፋኝ ሲዘገይ አጃቢዎቹ ሳያስቡት አብረው መዘግየት ይጀምራሉ፤ ዘፈኑም እየተጎተተ ይሞታል። የቤዙ ሰው መጽናት አለበት። በዚህ አልበም ሊ አሌግዛንደር የሚሠራውን ሥራ ለማድነቅ አንድ ጊዜ ሙሉውን ዘፈን እሱን ብቻ እየተከተላችሁ ስሙት።

ሦስተኛው መልስ ማይክራፎኑ ነው፤ እዚህ ላይ ትንሽ ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል። ማይክራፎን ሳይኖር ዘፋኝ ማለት አዳራሽ በድምፁ የሚሞላ ሰው ነበር። ጠጅ ቤት የቆመ አዝማሪ ድምፁ ጥግ ላይ ለተቀመጠው እንግዳ ካልደረሰ ግጥሙ ከንቱ ነው። በኤሌክትሪክ ማይክራፎን ሸክላ መቅረጽ የተጀመረው በ1925 ነው፤ ከዚያ በኋላ እንደ ቢንግ ክሮዝቢ ያሉ ዘፋኞች ጮክ ማለቱን ትተው ለአንድ ሰው የሚያወሩ ያህል መዝፈን ጀመሩ። አድማጩ ከዘፋኙ አፍ አንድ ስንዝር ርቀት ላይ የተቀመጠ ያህል ሆነ። የኖራ አዘፋፈን የዚያ መንገድ ልጅ ነው። ብዙ የስቱዲዮ ማይክራፎኖች ሰው ሲጠጋቸው የድምፁን ወፍራም ክፍል አጉልተው ይይዛሉ፤ ዝግ ያለ ድምፅ ሞቅ ብሎ፣ ደረት ያለው ሆኖ የሚሰማው በዚህ ምክንያት ነው። ትንፋሹም አብሮ ይገባል። ነገር ግን ማይክራፎን ሲቀርብ ስህተትም አብሮ ይቀርባል። ጩኸት የሚደብቀውን የድምፅ መንሸራተት ሹክሹክታ አይደብቀውም።

ይህን ሁሉ የት ተማረችው? በ1979 ኒው ዮርክ ውስጥ ተወለደች። አባቷ ስመ ጥሩው የህንድ ሲታር ተጫዋች ራቪ ሻንካር ናቸው። ስለ እሷ የሚጻፍ ጽሑፍ ሁሉ ከዚህ ይጀምራል፤ ስለዚህ አልበም ግን ብዙም አይነግረንም። ያደገችው ከእናቷ ጋር፣ ዳላስ አቅራቢያ በምትገኘው የቴክሳስ ከተማ ግሬፕቫይን ነው። በእናቷ የሸክላ ክምችት ውስጥ የቢሊ ሆሊዴይ ስብስብ ነበረበት፤ ውጭ ደግሞ የቴክሳስ አየር በዊሊ ኔልሰንና በካንትሪ ሙዚቃ የተሞላ ነው። ቢሊ ሆሊዴይ ከምት ኋላ መዝፈንን እስከ ዳር ያደረሰች ዘፋኝ ናት። ዊሊ ኔልሰንም ያው ልማድ አለው። ልጅቷ ከጃዝም ከካንትሪም የተማረችው አንድ ነገር ነበር ማለት ነው።

በኖርዝ ቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ የጃዝ ፒያኖ እየተማረች ሳለ ምግብ ቤት ውስጥ ብቻዋን እየተጫወተች ትዘፍን ነበር። ለሚበላና ለሚያወራ ሰው መዝፈን ጥሩ ትምህርት ቤት ይመስለኛል። እንዲህ ያለውን ሰው በጩኸት አትረታውም፤ ብትጮህበት እሱም ወሬውን ከፍ ያደርጋል። ሹካውን አስቀምጦ ዞር እንዲል የሚያደርገው አንድ በትክክል የተባለ ቃል ነው። በ1999 ክረምት ለእረፍት ኒው ዮርክ ሄደች፤ እዚያው ቀረች። በአስተናጋጅነት እየሠራች ማታ ማታ በትንንሽ ክበቦች ትዘፍን ነበር። ቴክሳስ ሳለች የተዋወቀችው ጄሲ ሃሪስና የፍቅር ጓደኛዋ የነበረው ሊ አሌግዛንደር ዘፈኖችን ይጽፉ ስለነበር አልበሙ በመሠረቱ የጓደኛሞች ሥራ ነው። ኖራ ብቻዋን የጻፈችው የአልበሙን ርዕስ የያዘውን ዘፈንና «ናይቲንጌል»ን ነው፤ አንዱን ከሃሪስ ጋር ጽፋለች።

አሁን ወደ ዋናው ታሪክ ልምጣ። አልበሙ ሦስት ጊዜ ተቀርጿል ማለት ይቻላል፤ ስለ ልስላሴ ከሁሉ ይበልጥ ያስተማረኝም ይኸው ነው።

በ1939 የተመሠረተው የጃዝ ሸክላ አሳታሚ ብሉ ኖት በጊዜው የሚመራው በብሩስ ሉንድቫል ነበር። ኩባንያው ወጣቷን ገና እየመዘናት ሳለ ኒው ዮርክ በሚገኘው ሶርሰረር ሳውንድ ስቱዲዮ፣ ጄይ ኒውላንድ በሚባል የድምፅ መሐንዲስ እጅ የሙከራ ቅጂዎች ተቀረጹ። ሙዚቀኞቹ እነዚያው የማታ ጓደኞቿ ነበሩ። የሙከራ ቅጂ ዓላማው ዘፈኑ ምን እንደሚመስል ማሳየት ብቻ ነው፤ ማንም ለዘላለም ይቀራል ብሎ አይጫወተውም። «ዶንት ኖው ዋይ» የተቀረጸው ያን ጊዜ ነው፤ በመጀመሪያው ሙከራ።

ቀጥሎ እውነተኛው አልበም ተጀመረ። ፕሮዲውሰር ሆኖ የመጣው ክሬግ ስትሪት ነው። ስትሪት ከጃዝ ድምፃዊቷ ካሳንድራ ዊልሰን ጋር በሠራቸው የብሉ ኖት አልበሞች ጃዝን፣ ብሉዝንና የገጠር ጊታርን አዋህዶ ያስደመመ ሰው ነበር። በ2001 ከኒው ዮርክ ከተማ ውጭ፣ ሾካን በሚባል ተራራማ ቦታ ወደሚገኘው አሌይር ስቱዲዮ ወሰዳቸው። እንደ ጊታሪስቶቹ ቢል ፍሪዜልና ኬቪን ብሪት፣ እንደ ድራመሩ ብራያን ብሌድ ያሉ ስማቸው የከበደ ተጫዋቾች ተጨመሩ። ሥራው ጥበብ የጎደለው አልነበረም። ጊታሮቹ በየአቅጣጫው ቀለም ይረጫሉ፤ ድምፁ ሰፊ፣ ጭጋግ ያለበት፣ ምስጢራዊ ነው። ሉንድቫል ሲሰሙት ግን የሙከራ ቅጂው ላይ የወደዱትን ነገር አጡበት። ፒያኖው ወደ ኋላ ሄዷል። ያ ስንዝር የሚያህለው ርቀት ሰፍቷል።

የተለመደው መፍትሔ መጨመር ነው፦ ሌላ መሣሪያ፣ ሌላ ቅንብር፣ ሌላ ድምፅ። የተደረገው ተቃራኒው ነው። አሪፍ ማርዲን ተጠሩ። በ1932 ኢስታንቡል የተወለዱት ማርዲን በአትላንቲክ ሪከርድስ ከአሬታ ፍራንክሊን እስከ ቢ ጂስ ድረስ የሠሩ፣ በተለይ የቫዮሊንና የናስ መሣሪያ ቅንብር በመጻፍ የታወቁ አንጋፋ ነበሩ። እንዲህ ያለ ሰው ሲጠራ ትልቅ ኦርኬስትራ ይጠበቃል። አልበሙን ከዳር እስከ ዳር ብትሰሙት ኦርኬስትራ የለም። ማርዲን ወደ ትንሿ ቡድን መለሷቸው፤ ፒያኖውንና ድምፁን ከፊት አስቀመጡ። ከአሌይር ጥቂት ቀረጻዎች ተረፉ። «ዶንት ኖው ዋይ»ን በተመለከተ ደግሞ ከሙከራ ቅጂው የሚበልጥ ሊገኝ አልቻለም፤ በጀርባ ጥቂት የሚያጅብ ድምፅ ተጨምሮበት ያው ቅጂ በአልበሙ መጀመሪያ ላይ ተቀመጠ። ዓለም ሁሉ የሚያውቀው ዘፈን እንግዲህ ማንም ይታተማል ብሎ ሳይጨነቅ የተጫወተው ነው።

የማርዲንን ውሳኔ ባሰብኩት ቁጥር ከጻፉት ቅንብር ሁሉ ይልቅ ይህ ያልጻፉት ያስገርመኛል። አርባ ዓመት የተካኑበትን ነገር ኪስ ውስጥ አስቀምጦ መቀመጥ ትልቅ መተማመን ይጠይቃል። ቁጥብ ሰው የሌለው ሰው አይደለም፤ ያለውን የት እንደማያወጣው የሚያውቅ ነው። አማርኛችን ለዚህ ጠባይ ጥሩ ቃል ስላለው ደስ ይለኛል።

ስለ ፍቅሩም ልንገራችሁ፤ አልበሙ የፍቅር አልበም ነውና። ርዕሱን ወደ አማርኛ ለመመለስ ስትሞክሩ ወዲያው አንድ ነገር ትደርሱበታላችሁ። «ከእኔ ጋር ና» ልንል ነው ወይስ «ከእኔ ጋር ነይ»? አማርኛ ሳይመርጥ መጥራት አይችልም። እንግሊዝኛው ግን ጾታ አይለይም፤ የተጠራው ማን እንደሆነ ክፍት ነው፤ የሚሰማው ሁሉ እኔን ነው ሊል ይችላል። ርዕሱን በያዘው ዘፈን ውስጥ ጥሪው ራሱ ትንሽ ነው። ወርቅና ቤተ መንግሥት ቃል የሚገባ የለም፤ ከሰው ወሬ ርቆ አብሮ ማምሸት ነው የተጠየቀው። የግጥሙ ቃላት አንድ የውጭ ቋንቋ ተማሪ በመጀመሪያው ዓመት የሚያውቃቸው ናቸው።

የዚህ ዘፈን ምት ለእኛ ጆሮ የሚናገረው የተለየ ነገር አለ። እያንዳንዱ ምት በሦስት ይከፈላል፤ ስድስት ስድስት እያላችሁ ልትቆጥሩት ትችላላችሁ። እኛ ስድስት ስንቆጥር ቶሎ የሚመጣልን ችክችካ ነው፤ ትከሻ የሚያስነሳው፣ ሠርግ የሚያደምቀው። ያው ቁጥር ዝግ ሲልና አክሰንቱ ሲለሳለስ ግን እሹሩሩ ይሆናል፤ ልጅ ያዘለች እናት ከአንድ እግሯ ወደ ሌላው እየተዘዋወረች የምትወዛወዘው። በዚህ ዘፈን ድራሙ የሚሠራው ይህን ማወዛወዝ ነው። በአልበሙ ብዙ ቦታ ድራሙ የሚመታው በእንጨት ዱላ ሳይሆን በቀጫጭን ሽቦ ብሩሽ ነው፤ ከመምታትም ይልቅ ቆዳውን መጥረግ ይመስላል። ብሩሽ ሲጠርግ የሚወጣው ሹ የሚል ድምፅ በምትና በምት መካከል ያለውን ባዶ ቦታ ስለሚሞላ ዘፈኑ ዝግ ቢልም አይቆራረጥም።

ሌሎቹ ዘፈኖች ግን ይህን ያህል የደላው ፍቅር የላቸውም። አብዛኞቹ ያልመጣ ሰው፣ ያለፈ ሰው፣ ወይም አጠገብ ተቀምጦ የራቀ ሰው ዘፈኖች ናቸው። ጥሩ ምሳሌው «ኮልድ ኮልድ ሃርት» ነው። ይህን የካንትሪው ሃንክ ዊልያምስ በ1951 አወጣው፤ በቀድሞ ፍቅር ቆስሎ ልቡ የቀዘቀዘን ሰው የሚወቅስ ዘፈን ነው። በሃንክ ድምፅ ውስጥ ለቅሶ አለ፤ ድምፁ ይሰበራል። ኖራ ያንኑ ዘፈን ወደ ጃዝ ቤት አስገባችው፤ ለቅሶውንም አወጣችለት። የቀረው ወቀሳው ነው፤ ግን ተስፋ ቆርጦ፣ ነገሩን አውቆ የሚናገር ሰው ወቀሳ። ሁለቱን አከታትሎ መስማት አንድ ዘፈን ቃሉ ሳይለወጥ እንዴት ሌላ ሰው እንደሚሆን ያሳያል።

አልበሙ ሲወጣ ወደ ቢልቦርድ የአልበሞች ዝርዝር የገባው በ139ኛ ደረጃ ነው። ከአፍ ወደ አፍ እየተላለፈ ወጣ፤ በጃንዩዋሪ 2003 አንደኛ ሆነ። በሚቀጥለው ወር በኒው ዮርክ በተካሄደው የግራሚ ሽልማት የ23 ዓመቷ ኖራ በአንድ ምሽት አምስት ሽልማት ወሰደች፤ የዓመቱ ምርጥ አልበም ሽልማትም ከኤሚኔምና ከብሩስ ስፕሪንግስቲን ጋር ተወዳድሮ የእሷ ሆነ። ሃሪስ በዘፈን ደራሲነት፣ ማርዲንም በፕሮዲውሰርነት ተሸለሙ። በአሜሪካ ብቻ ከ10 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሸጧል። አልበሙ የወጣው ኒው ዮርክ ላይ ከደረሰው የሴፕቴምበር 11 ጥቃት አምስት ወር ገደማ በኋላ ስለነበር ሰው የሚያረጋጋ ድምፅ ፈልጎ ነው የሚሉ አሉ። ሊሆን ይችላል። ብዙዎቹ ዘፈኖች ከዚያ አስቀድሞ የተጻፉ፣ ሐዘኑን ያላወቁ ዘፈኖች መሆናቸውን ግን መርሳት የለብንም። ደግሞም ያን ቀን ያልኖሩ፣ በሌላ አገር ያሉ ሰዎች ዛሬም ይሰሟቸዋል።

ይህን ሁሉ በራሳችሁ ጆሮ ልታረጋግጡት ትችላላችሁ። በ2022 አልበሙ 20 ዓመት ሲሞላው የሙከራ ቅጂዎቹና የክሬግ ስትሪት የአሌይር ቀረጻ አብረው ታትመዋል። አንድ ዘፈን ምረጡና በሁለቱም መልኩ ስሙት፤ መጀመሪያ የአሌይሩን፣ ቀጥሎ በአልበሙ ላይ የወጣውን። የትኛው ይበልጣል ብላችሁ አትቸኩሉ። የአሌይሩ ቅጂ የራሱ ውበት አለው፤ አንዳንድ ማታ እኔም እሱን እመርጣለሁ። የምትጠይቁት ሌላ ነገር ይሁን፦ ዘፋኟ አሁን ከእኔ ምን ያህል ራቀች? ጊታሮቹ በበዙ ቁጥር እሷ በክፍሉ ወዲያኛው ጥግ ትሆናለች። ሲቀነሱ ትመጣለች።

የመጨረሻውን ዘፈን ደግሞ ስልካችሁን ዘግታችሁ፣ ለብቻው ስሙት። «ዘ ኒርነስ ኦቭ ዩ» ሆጊ ካርማይክልና ኔድ ዋሽንግተን በ1930ዎቹ የደረሱት ነው፤ ስሙም ስለ ቅርበት ነው። 13 ዘፈኖች ካለፉ በኋላ እዚህ ድራሙ የለም፣ ቤዙ የለም፣ ጓደኞቿ ሁሉ ወጥተዋል። ፒያኖና እሷ ብቻ ቀርተዋል፤ ልክ ቴክሳስ ምግብ ቤት ውስጥ እንደነበረችው። ምቱን የሚጠብቅላት ሰው ስለሌለ ስንኝ ሲያልቅ ፒያኖው አብሯት ይቆማል፤ ትንፋሽ ትወስዳለች፤ ትንፋሹ ይሰማል፤ ከዚያ ሁለቱም አብረው ይነሳሉ።